ባለ ብዙ ዲስክ ሳጥን ውስጥ ያሉ ፋይሎች አልከፈት ሲሉ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአባላት ጥያቄ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



እንደሚታወቀው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሰፈራችን በየቤቱ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ሳጥን እየገባ ነው። አንዳንዱ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ዲስክ ተደርድሮበት እዚሁ የተሰናዳ ነው። በውስጡ የሚቀመጠው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም የሠርግ ቪዲዮ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ፎቶግራፍ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ቅጂ፣ የእድር መዝገብ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ፋይሉ ሲነካ ስሙ አለ፣ መጠኑም ይታያል፣ ነገር ግን አይከፈትም። ወይም ፎቶው እስከ ግማሽ ድረስ ይታይና ከዚያ በታች ግራጫ ይሆናል። ዛሬ የምናገረው ያን ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ይልቁንም ምን መደረግ እንደሌለበት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እጅን መሰብሰብ ነው። በሳጥኑ ላይ አዲስ ነገር አይጻፍ፤ ፎቶ አይጨመር፣ ፊልም አይገልበጥ፣ ፕሮግራም አይጫን። የተሰረዘ ወይም የተዛባ ፋይል ቦታው ላይ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ በከፊል ይገኛል። ሌላ ከተጻፈበት ግን ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘና በጣም ብዙ ሰው የሚጎዳ ነገር አለ። ሳጥኑ አልሠራ ሲል ሰዎች አንዱን ዲስክ ነቅለው ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙታል። ዊንዶውስ ወዲያው «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት፤ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ደንግጧል፤ «እሺ» የሚለውን ይጫናል። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ዲስኩ ምንም አልሆነም ነበር። አብዛኞቹ እነዚህ ሳጥኖች በውስጣቸው የሚሠሩት በሊነክስ ነው፤ ዲስኩንም የሚያሰናዱት «ኤክስት4» ወይም «ቢቲአርኤፍኤስ» በሚባል አደራደር ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ይህን አደራደር እንዲሁ በራሱ አያነብም። የማያውቀውን ቋንቋ ባዶ ወረቀት ነው ብሎ ቆጠረው ማለት ነው። እሺ የተባለ እንደሆነ የመዝገቡን ማውጫ ደምስሶ የራሱን ይጽፍበታል። ስለዚህ ከሳጥን የወጣ ዲስክ ላይ ፎርማት ለሚል ጥያቄ ምን ጊዜም መልሱ «አይሆንም» ነው። «ኢኒሻላይዝ» ለሚለውም እንደዚያው።

አሁን ሳጥኑ ራሱ ምን እንደሆነ ጥቂት ልበል፤ ይህን ሳያውቁ ችግሩን መፈለግ ጨለማ ውስጥ መዳበስ ነው። ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የማሠራቱ ዘዴ «ሬይድ» ይባላል። ስሙን ያወጡት በ1987 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ናቸው። በቤት የሚያጋጥሙን ዓይነቶች ሦስት ያህል ናቸው። ሬይድ 1 ማለት ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሙሉውን ይዟል። ሬይድ 0 ማለት ደግሞ እያንዳንዱ ፋይል ተቆራርጦ ለሁለቱ ይከፋፈላል፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሞታል። ይህን ለፍጥነት ብለው የሚመርጡ አሉ፤ እኔ በበኩሌ የቤተሰብ ፎቶ በሬይድ 0 ላይ ሲቀመጥ ሳይ ያስፈራኛል።

ሬይድ 5 ማብራሪያ ይፈልጋል። በእድራችን ሦስት ሰዎች ቁጥር ይዘዋል እንበል። አንደኛው 7፣ ሁለተኛው 5፣ ሦስተኛው የሁለቱን ድምር 12 ይዟል። ሁለተኛው ቢጠፋ ከ12 ላይ 7 ቀንሰን 5 መሆኑን እናውቃለን። ኮምፒውተሩ የሚጠቀምበት ስሌት ከመደመር ይለያል እንጂ ሐሳቡ ይኸው ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሆኑ አራት ዲስኮች 12 ቴራባይት ይይዛሉ፤ የአንዱ ዲስክ ያህል ቦታ ለድምሩ ይሄዳል። ከአራቱ አንዱ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል። ሁለት ከሞቱ ግን ሂሳቡ አይሠራም። ደግሞም አንድ ፎቶ በብዙ ቁራጭ ተበትኖ በሁሉም ዲስኮች ላይ ስለሚቀመጥ፣ ከሬይድ 5 አንዱን ዲስክ ብቻ ነቅሎ ወደ ጥገና ቤት መውሰድ ከአራት የተቀደደ ደብዳቤ አንዱን ቁራጭ እንደመውሰድ ነው።

ወደ ችግሩ ፍለጋ እንግባ። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ከማለት በፊት እውነት የተበላሸው ፋይሉ ነው ወይስ አንባቢው ነው የሚለውን መለየት ያሻል። ይህ በተለይ እኛ አማርኛ ጸሐፊዎችን ይመለከታል። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ የጽሕፈት ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የፊደል አቀማመጥ ይጠቀሙ ነበር። በዚያን ጊዜ የተጻፈ የእድር ደንብ ዛሬ ቢከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ይህ ብልሽት አይደለም። የድሮው ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። «ቫይረስ ነው» ተብሎ እንዲህ ያለ ፋይል ሲሰረዝ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ሌላም አለ። ሊነክስ ሳጥን ላይ የአንድ ፋይል ስም ርዝመት ከ255 ባይት አይበልጥም። ለእንግሊዝኛ ይህ 255 ፊደል ነው። የእኛ አንድ ፊደል ግን 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። የቁልፍ ምስጢር ባለው ማኅደር ላይ ደግሞ በአንዳንድ ሳጥኖች ገደቡ 143 ባይት ነው፤ ይኸውም ወደ 47 ፊደል ይወርዳል። እኛ ደግሞ ስም ማሳጠር አንወድም፤ «የአያታችን የወይዘሮ እገሊት የሰማንያኛ ዓመት የልደት በዓል አከባበር ከመላው ቤተሰብ ጋር የተነሳነው» ብለን እንሰይማለን። ዊንዶውስ ይህን ይቀበላል። የቁልፍ ምስጢር ወዳለው እንዲህ ያለ ማኅደር ሲገለበጥ ግን እምቢ ይላል፤ ሰውየው የስሕተቱን መልእክት ሳያነብ «ዝለል» ይላል፤ ከዓመት በኋላ ፋይሉ «ጠፋ» ይባላል። ስም አሳጥሩ።

እንዲሁም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይፎን ስልክ ፎቶ የሚያስቀምጠው «ሄይክ» በሚባል ዓይነት ነው። አሮጌ ኮምፒውተር አይከፍተውም። ፎቶው ጤነኛ ነው፤ ወደ ሌላ ስልክ ተወስዶ ቢሞከር ይታያል።

እነዚህ ካልሆኑ፣ እንደ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው። መቼ ነው በመጨረሻ የተከፈተው? የማይከፈተው አንድ ነው ወይስ ብዙ? ብዙ ከሆነ ምን ያመሳስላቸዋል? በአንድ ቀን የተገለበጡ ከሆኑ ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ወይም ኬብል ተነቅሎ ነበር ማለት ይቻላል። መጠናቸው 0 ባይት ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። አንድ ዓይነት ብቻ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ቪዲዮዎች ብቻ፣ ፕሮግራሙን ተጠራጠሩ። እዚህም እዚያም ያለ ሥርዓት የተበተኑ ከሆኑ ዲስክ ወይም የኮምፒውተር ሜሞሪ ነው። ፋይሉ ሲነበብ ሳጥኑ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ ስሕተት የሚሰጥ ከሆነ ዲስኩ ያን ቦታ ደጋግሞ እየሞከረ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የዲስኩን የጤና መዝገብ ማየት ነው። እያንዳንዱ ሃርድ ዲስክ «ስማርት» የሚባል የራሱ መዝገብ አለው፤ ሳጥኑ በማስተዳደሪያ ገጹ ላይ ያሳየዋል። ቁጥሩ ብዙ ነው፤ አራቱን ብቻ ተመልከቱ። ቁጥር 5 ዲስኩ ተበላሽተውበት በመለዋወጫ የተካቸውን ቦታዎች ይቆጥራል። ቁጥር 197 ሊነበቡ አልቻል ብለው ውሳኔ የሚጠብቁትን ይቆጥራል። ቁጥር 198 ጭራሽ ያልተነበቡትን ነው። ቁጥር 199 ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ በዲስኩና በሰሌዳው መካከል በመንገድ ላይ የተበላሸውን መልእክት ይቆጥራል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብል ወይም የመሰኪያ ነው። ስለዚህ 199 ከፍ ብሎ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ፣ አዲስ ዲስክ ከመግዛት በፊት ኬብሉን ቀይሩ። ይህ ቁጥር ኬብሉ ቢቀየርም ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ዛሬ ያለውን ጽፋችሁ ያዙና በሳምንቱ ጨምሮ እንደሆነ እዩ። ሌሎቹንም እንደዚሁ ጽፋችሁ ተከታተሉ፤ በአንድ ወር ከ8 ወደ 200 የሄደ ዲስክ ግን እየሞተ ነው። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማማ ጨርሶ አጥፉት።

ዲስኮቹ ሁሉ ጤነኛ ሆነው ፋይሉ የተበላሸ እንደሆነስ? ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። በእድር ሁለት ጸሐፊዎች አሉን እንበል፤ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ ሁለቱም በየመዝገባቸው ይጽፋሉ። አንባቢው 50 ብር የሚለውን 500 ብሎ ቢያነብ ሁለቱም መዝገብ አንድ ዓይነት ስሕተት ይይዛል። ሁለቱን ብናስተያይ ልክ ይመስላል። በሳጥኑ ውስጥ አንባቢው ሜሞሪው ነው። ሜሞሪው ከታመመ ሬይድ 1 ስሕተቱን በሁለት ዲስክ ላይ በጥንቃቄ ያስቀምጥላችኋል። ስለዚህ ብልሽቱ አዲስ በተገለበጡ ፋይሎች ላይ ብቻ ከሆነ ሜሞሪው ይፈተሽ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ የመፈተሻ ፕሮግራም አለ።

ሶፍትዌሩም ቢሆን ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ለቤት አገልግሎት የሚሆን «ዊንዶውስ ሆም ሰርቨር» የሚባል ሥርዓት አውጥቶ ነበር። ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የሚያሳይ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አካባቢ ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው፣ ከአንድ በላይ ዲስክ ያለበት ሰርቨር ላይ የተቀመጠን ፋይል በአንዳንድ ፕሮግራሞች እዚያው እንዳለ ከፍቶ ማስተካከል ፋይሉን ያበላሽ ነበር። አንድ ዲስክ ብቻ ያላቸው አልተነኩም። ማስተካከያው የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. በሐምሌ አካባቢ ነው። ዲስኮቹ ምንም አልነበራቸውም! ስለዚህ የሳጥኑን ሶፍትዌር ማደስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ችግር በተፈጠረ ማግሥት፣ ፋይሉ ሳይገለበጥ ማደስ ጥሩ አይደለም።

ሬይድ 5ም ብቻውን ሙሉ ዳኛ አይደለም። 7፣ 5 እና 13 ቢገኝ ድምሩ እንደተሳሳተ ያውቃል እንጂ ከሦስቱ ማን እንደዋሸ አያውቅም። ለዚህ የሚረዳው እያንዳንዱ ቁራጭ ማረጋገጫ ቁጥር የሚይዝበት አደራደር ነው፤ ቢቲአርኤፍኤስና ዜድኤፍኤስ ይህን ያደርጋሉ። በአንዳንድ ሳጥኖች ላይ ግን ይህ የሚመረጠው ማኅደሩ ሲፈጠር ነው፤ ያን ጊዜ ካለፈ በኋላ አይጨመርም። አዲስ ሳጥን የምታሰናዱ በመጀመሪያው ቀን እዩት።

ስለ መብራት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ ሁላችንም የምንኖረው እዚሁ ነው። ሳጥኑ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ አንዱ ዲስክ አዲሱን፣ ሌላው አሮጌውን ይዞ ይቀራል። ስታቢላይዘር ይህን አይከላከልም፤ እሱ የሚያስተካክለው የቮልቴጁን መውጣትና መውረድ ነው። የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፤ እሱም ከሳጥኑ ጋር በዩኤስቢ ገመድ የሚነጋገር ቢሆን ይመረጣል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሳጥኑ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ዩፒኤሱን ገዝተው ገመዱን በካርቶኑ ውስጥ የተዉት ብዙ ናቸው።

አሁን አንድ ዲስክ ሞቷል እንበል፤ ሳጥኑም እየጮኸ አዲስ ዲስክ አስገቡ ይላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አዲሱ ዲስክ ሲገባ ሳጥኑ የጎደለውን ለማስላት የቀሩትን ዲስኮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባቸዋል። ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። የቀሩት ዲስኮች ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ እኩል የሠሩ ናቸው። አንደኛው በቁጥር 197 ላይ ስሕተት ካለው ያን ጊዜ ይወድቃል። ባይወድቅ እንኳ ሊነበብ ባልቻለው ቦታ ላይ የነበረው ፋይል አይሰላም፤ «ዲስክ ቀይሬ ሁሉ ተስተካከለ፣ ጥቂት ፎቶዎች ግን አልከፈት አሉ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑ ገና የሚከፈት ከሆነ፣ ከመቀየር በፊት በሕይወታችሁ የማይተካውን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጡ። ፊልሙ ይቆይ፤ የእናት የአባት ፎቶ ይቅደም።

አዲስ ዲስክ ስትገዙም አንድ ነገር ጠይቁ፤ «ሲኤምአር» ነው ወይስ «ኤስኤምአር»? ኤስኤምአር የሚባለው ጽሑፉን እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ የሚጽፍ ነው። ለብቻው ለመጠባበቂያ ይሆናል፤ በሬይድ ውስጥ ግን በእድሳት ጊዜ እጅግ ይዘገያል፣ ሳጥኑም ሞተ ብሎ ሊያስወጣው ይችላል።

ሳጥኑ ጭራሽ ካልተከፈተ ደግሞ፣ ዲስኮቹን ከማውጣት በፊት በእያንዳንዱ ላይ በማርከር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ጻፉ። ቦታ አታለዋውጡ። ሳጥኑ እየሠራ ሁለት አትንቀሉ። በሚሞት ዲስክ ላይ የማስተካከያ ፕሮግራም አታስኪዱ፤ ያ ፕሮግራም የሚያስተካክለው ማውጫውን እንጂ የእናንተን ፋይል አይደለም፤ ያልገባውን ይቆርጠዋል። ትክክለኛው አሠራር መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ እኩል ወይም ትልቅ ዲስክ መገልበጥ ነው። «ዲዲሬስኪው» የሚባል ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሚነበበውን አስቀድሞ ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ቦታ መዝግቦ በኋላ ይመለስበታል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ነው። «ፎቶሬክ» የሚባለውም አለ፤ እሱ ማውጫ ቢጠፋም ፎቶዎችን በመልካቸው ያውቃቸዋል፤ ስማቸውንና ማኅደራቸውን ግን አይመልስም፤ አሥር ሺህ ፎቶ ያለ ስም ይሰጣችኋል። ዲስክን ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ፣ ከፍታችሁ እዩ የሚሉትን አትስሙ። አንድ ቅንጣት አቧራ ገብቶ የንባቡን ጭንቅላት ከነካው ነገሩ አበቃ።

ሳጥን ካለኝ መጠባበቂያ አለኝ የሚል አባል ካለ ልንገረው፤ የለህም። ሬይድ የሚጠብቀው ከዲስክ ሞት ነው። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል በሁሉም ዲስክ ላይ በአንድ ጊዜ ይሰረዛል። ሌባም ሳጥኑን ሲወስድ አራቱን ዲስክ ይዞ ነው የሚሄደው። የታወቀው አሠራር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ነው። ለእኛ ቀላሉ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጦ በእኅት ወይም በወንድም ቤት ማስቀመጥ ነው። ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ ደግሞ፣ ለፋሲካ የመጣ ልጅ ሲመለስ አንድ ዲስክ ቢይዝ ምን ይከብደዋል? ዲስኩ በምስጢር ቃል የሚዘጋ ከሆነ ግን ቃሉ ቤት ውስጥ በወረቀት ይጻፍና ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው። የአባት ዲስክ ምስጢሩን ይዞ አባት የሄደበት ቤት ገጥሞኛል፤ ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ነው፣ ማንም አይከፍተውም።

ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በየሦስት ወሩ ከቅጂው አሥር ፋይል በዘፈቀደ ክፈቱ። የእድሩ መዝገብ በኮምፒውተር ቢገባም የወረቀቱ መዝገብ አይጣል። ስለዚህ ጉዳይ ከአስተዳደር ኮሚቴው ጋር ተነጋግረናል፤ የወረቀቱ ቁም ሣጥን ባለበት ይቆያል።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ቀርበው ነበር። አንዲት እናት «ልጄ ፎቶው ሁሉ በስልኬ ኢንተርኔት ላይ አለ ትለኛለች፤ ይበቃል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ለእትዬ የሰጠሁት መልስ፣ ስልኩ ላይ ሲሰረዝ ኢንተርኔቱም ላይ የሚሰረዝ ከሆነ እሱ መስተዋት ነው እንጂ ቅጂ አይደለም፤ ልጅዎ አንድ የማይረባ ፎቶ ሰርዛ በኢንተርኔቱ ላይ መቅረት አለመቅረቱን ታሳይዎት የሚል ነው። አንድ ጋሼ ደግሞ ለእርዳታ ሲመጡ ምን ይዘው እንዲመጡ ጠይቀዋል። ሳጥኑን ከነዲስኮቹ፣ ከነራሱ የኃይል አስማሚ፤ በስክሪኑ ላይ የወጣውን ቃል በስልክ ፎቶ የተነሣ፤ ችግሩ ከተፈጠረ ወዲህ የተነካውን ነገር ሁሉ የጻፈ ወረቀት፤ እንዲሁም ቅጂው የሚያርፍበት ባዶ ዲስክ። ዲስክ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ግን ለመሞከር አታብሩት፤ እንደጠፋ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡት።